የሰው ወንበር

ተቀምጦ የሚውል “ቋሚ” ይባላል፤
ቆሞ የሚውለው “ጊዜያዊ” ተብሏል።
ቀልዱ የሚያስቀው በአማርኛ ነው፤
ዶሃ መሃል ቆሜ ለማን ልንገረው?

መጀመሪያ አራት ቀን፣ የኤግዚቢሽን በር፣
ፈገግታዬ ሰፍቶ ጫማዬ ጠቦኝ ነበር።
ቀጥሎ ዘጠኝ ሌሊት፣ የጫማ ቆጠራ፣
በተዘጋ ሱቅ ውስጥ ከሁለት ኔፓሎች ጋራ።
ግራው የጠፋበት ሠላሳ ስምንት ቁጥር
አንድ ጥንድ ተገኘ፤ “ጎደሎ” ብለው ሊጽፉት ሲሉ
ክንዴን ከመደርደሪያው ጀርባ ሰድጄ አወጣሁት።
ያዘዘኝ የለም።
ጎደሎ ጫማ እንቅልፍ ይነሣኛል።

ከዚያ ኤጀንሲው ደወለ፦ “የጥርስ ክሊኒክ፣ ሦስት ወር፤
ግሬስ ልትወልድ ሄዳለች፣ አንቺ በእሷ ወንበር።”
ስሜን አልጠየቁኝም። የደረት ካርዴ ላይ
“ሙአቀት” ይል ነበር፣ “ጊዜያዊ” ማለት ነው።
ማንበቡን ያስተማረኝ የአሳዳሪዬ ልጆች ደብተር፤
ሰባት ዓመት የቤት ሥራቸውን ከሳህን እጥበት ጋር አጠናሁ።

የግሬስ ወንበር ዝቅ ያለ ነው፣ እኔ ደግሞ መለሎ፤
ጉልበቴ ዋለ ከጠረጴዛው ጋር ተማቶ፣ ተጋጭቶ።
ከፍ ከማድረጌ በፊት ፕላስተር ቆርጬ
ብረቱ ላይ ለጠፍኩ፣ ቁመቷን ለክቼ።
“ምንሽ ናት?” አለኝ ረፊቅ፣ ወለሉን እየወለወለ።
“ምኔም አይደለች። ወንበሩ ግን የእሷ ነው።”

በሩ በሁለት ይከፈታል፣ እኔ በአንድ ተኩል ደጁ ላይ።
ትጋት አትበሉት፤
አውቶብሱ ወይ ያስቀድማል ወይ ያስረፍዳል፣
ማስቀደሙን መረጥኩ።
ቁጭ ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦

ስልክ ሲነግሩሽ መልሰሽ አንብቢ።
የማታውቂውን “ልጠይቅ” በይ፣ “እሺ” ብለሽ አትግቢ።
ወይዘሮ ሐሲና መርፌ ሳታይ ታለቅሳለች፤
ውሃ ስጪያት፣ ምንም አትበያት፣ ራሷ ትረጋጋለች።
ማተሚያው ሲነክስ ከኋላ ክፈቺው።

በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ፋጢማ ሳሊሞችን አምታታሁ፤
የአንዷን የመንጋጋ ፎቶ ከሌላዋ ፋይል ከተትኩ።
ያየ አልነበረም። መቀየር ይቻላል፣ በጸጥታ።
እጄ ወደ መሳቢያው ሄደ፣
እግሬ ግን ወደ ሐኪሟ በር።
“ተሳስቻለሁ” ማለት በዓረብኛም ያው ነው፣ ምራቅ ያደርቃል።
ዶክተር ሱሃ ከመነጽሯ በላይ አየችኝ።
“ከእንግዲህ የትውልድ ቀን ጠይቂ።” በቃ።
ጻፍኩት። ሁለቴ አሰመርኩበት።

ግሬስ ተመለሰች፣
የሁለት ወር ልጇን ሴቡ ለእናቷ ትታ።
ቋሚ መሆን ይህም አለበት ለካ።
ተቀመጠች፤ እግሯ ወለሉን አገኘው፣
ወንበሩ ልክ እንደተወችው።
“አልነካሽውም እንዴ?”
“ነክቼዋለሁ። መልሼዋለሁ።”
ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች፣ ብዙ ቆየች።
ደብተሩን አጠገቧ አስቀምጬ ወጣሁ።

“የሰው ወርቅ አያደምቅ” ይላሉ፤ ይሁን።
የሰው ወንበር ግን ጀርባ ያቀናል፣ ቢያጥርም ዘመኑ።

አምስት ሳምንት ስልኬ ዝም አለ።
ናጅማ፣ ስድስት ሴት በአንድ ክፍል፤
ሥራ ያላት ማልዳ ትወጣለች፣ የሌላት እንደተኛች ትመስላለች።
የኮርኒሱን ስንጥቅ ቆጠርኩ፣ ዐሥራ አንድ፣
እንደ ጫማ፣ ደግሜ፣ እንዳልሳሳት።

የደወለችው ግሬስ ናት።
“አል ዋክራ ሌላ ክሊኒክ ሊከፈት ነው፤
ዶክተሯ ‘ያቺ የፕላስተሯ ልጅ የት ገባች?’ አለች።
ስምሽን ነገርኳት፣ ፊደል በፊደል።
ስንቅነሽ፣ ትክክል ነኝ?”
“ትክክል።”
“ስድስት ወር ነው ግን። ጊዜያዊ።”
“አውቃለሁ።”

አዲሱ ወንበር ላስቲኩ አልተላጠም፤
የማንም ቁመት የለበትም።
ከፍ አደረግኩት ለራሴ ልክ፣ ተቀመጥኩ፣
መስኮቱ ባሕር ያሳያል፣ ትንሽዬ ቁራጭ።
ከዚያ ተነሣሁ፣
ፕላስተር ፍለጋ።